ለጠባብ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ምን ዓይነት ካቢኔት ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ነው። መታጠቢያ ቤታችን 1.30 በ2.10 ሜትር ነው። በሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ቀኝ ግድግዳ ይከፈታል። በግራ በኩል መጀመሪያ ላቫንዲኖ፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት፣ መጨረሻ ላይ ሻወር አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የቀኙን ጥግ ትልቅ በርሜል ይዞታል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፤ አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ሻምፑ፣ በረኪና፣ ሶፍት፣ ሳፋ ሁሉም መሬት ላይ ነው። አናጢ ጠርቼ ነበር። በርሜሉን አውጥቼ በቦታው ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ 45 ሳንቲ ጥልቀት ያለው የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ቁምሳጥን ልሥራልሽ አለኝ። እህቴ ደግሞ ከአሜሪካ ሞዱላር ካቢኔት የሚባለውን በቪዲዮ አሳየችኝ። የትኛው ያዋጣኛል?»

መልስ፦

ሞዱላሩ፣ ማለትም በትንንሽ ሳጥኖች ተከፋፍሎ የሚሠራው፣ ያዋጣዎታል። ምክንያቱ ግን ማማሩ አይደለም። ትንንሽ ሳጥኖች ለየብቻ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መውረድ ይችላሉ። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ነገር የሚበላሽበት ክፍል ነው። ሲፎን ያፈሳል፣ ቧንቧ ይዘጋል፣ የሽንት ቤቱ ታንከር ጎማ ይለቃል። የቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ አንዱን ሳጥን ብቻ አንስተው ያስቀምጡለታል። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ ቁምሳጥን ከሆነ ግን ወይ ጀርባው ይቦረቦራል፣ ወይ እንዳለ ይፈርሳል። እርጥበት አንዱን ሳጥን ቢያበላሸውም የሚቀይሩት እሱን ብቻ ነው። ቤት ሲቀይሩ ደግሞ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ።

አናጢዎን አላጣጥልም። ብዙ ዕቃ እንዲይዝልዎ አስቦ ነው። እስቲ የእሱን ሐሳብ በቁጥር እንየው። ቁምሳጥኑ 50 ሳንቲ ስፋት፣ 45 ሳንቲ ጥልቀት፣ 240 ሳንቲ ቁመት አለው እንበል። ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። እኔ ከታች የማቀርብልዎ ሳጥኖች ተደምረው 0.4 ሜትር ኩብ ናቸው። በመጠን እሱ ይበልጣል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ፊት ለፊታቸውን ይለኩ። የእሱ ቁምሳጥን ሲከፈት የሚታየው 1.2 ካሬ ሜትር ነው። የኔዎቹ ሳጥኖች ፊት ሲደመር 1.9 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ለመታጠቢያ ቤት ዕቃ ወሳኙ ይሄኛው ቁጥር ነው። ሻምፑ፣ ሎሽን፣ የጥርስ ሳሙና፣ በረኪና፣ የሶፍት ጥቅልል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከ15 ሳንቲ ባነሰ ቦታ ይቆማሉ። 45 ሳንቲ ጥልቀት ውስጥ ሲገቡ ሦስት ረድፍ ይሠራሉ። የፊቱ ይታያል። የመሃሉ ይገመታል። የኋላው ይረሳል። ሰው ቤቱ ያለውን ሻምፑ ሳያውቅ ሌላ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለጠባብ መታጠቢያ ቤት ካቢኔት ሲያሠሩ መጀመሪያ የሚወስኑት ጥልቀቱን ይሁን። ስፋትና ቁመት ከዚያ ይከተላሉ።

ሌላም ነገር አለ። ክፍልዎ 2.73 ካሬ ሜትር ነው። የአናጢው ቁምሳጥን ከወለሉ ሩብ ካሬ ሜትር ገደማ ይወስዳል። የሚሰቀሉት ሳጥኖች ከወለሉ ምንም አይነኩም። ወለሉን ውሃ ደፍተው ሲያጥቡም መጥረጊያው ከሥራቸው ያልፋል።

አሁን ወደ ግድግዳዎቹ እንሂድ። የጻፉልኝን ልክ ይዤ ነው የማሰላው። ላቫንዲኖው 50 ሳንቲ፣ ሽንት ቤቱ 75፣ ሻወሩ 85 ሳንቲ ቢይዙ 2.10 ሜትሩ ይሞላል። ልኩ በእርስዎ ቤት ትንሽ ወዲህ ወዲያ ሊል ስለሚችል በሜትር ያረጋግጡ።

ዋናው ሀብትዎ ከሽንት ቤቱ በላይ ያለው ግድግዳ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ባዶውን የሚቀመጥ ግድግዳ እሱ ነው። እዚያ ላይ 60 ሳንቲ ስፋት፣ 40 ሳንቲ ቁመት፣ 20 ሳንቲ ጥልቀት ያላቸው ሦስት ሳጥኖች አንዱ ባንዱ ላይ ይሰቀሉ። የታችኛው ሳጥን መነሻ ከወለል 1.20 ሜትር ይሁን፤ የላይኛው 2.40 ላይ ያልቃል። ለምን 1.20? የታንከሩ ክዳን ብዙ ጊዜ 80 ሳንቲ አካባቢ ላይ ነው። ክዳኑን አንስቶ ውስጡን ለመጠገን ቢያንስ 30 ሳንቲ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ለምን 20 ሳንቲ ጥልቀት? ታንከሩ ራሱ ከግድግዳው ወደ 20 ሳንቲ ገደማ ወጣ ይላል። ሳጥኑ ከታንከሩ ካልበለጠ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት አይነካውም። 30 ሳንቲ ካደረጉት ግን ቀና ሲሉ ይመታዎታል።

ከላቫንዲኖው በላይ ባለመስታወት ሳጥን ይግባ። 45 ሳንቲ ስፋት፣ 70 ሳንቲ ቁመት፣ 13 ሳንቲ ጥልቀት ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ጥልቅ አይሁን። ፊቱን ለመታጠብ ጎንበስ የሚል ሰው ግንባሩ የሚመጣው ልክ እዚያ ነው። የታችኛው ጠርዝ እሱም 1.20 ላይ ይሁን። ያኔ የሽንት ቤቱ ሳጥንና የመስታወቱ ሳጥን በአንድ መስመር ስለሚጀምሩ ክፍሉ የተረጋጋ ይመስላል። ሁለት የተለያየ ከፍታ ግን ጠባብ ክፍልን የበለጠ ያጨናንቀዋል።

ከላቫንዲኖው ሥር ትንሽ ሳጥን ይበቃል፦ 45 ስፋት፣ 40 ቁመት፣ 30 ጥልቀት። ከወለል 20 ሳንቲ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ጀርባ አይኑረው፤ ሲፎኑና የውሃ መዝጊያው በጀርባ በኩል ይታዩ። ላቫንዲኖዎ ባለ እግር ከሆነ ይህን ሳጥን ይተዉት። እግሩን ለመዞር ተብሎ የሚቦረቦር ሳጥን ልፋቱና የሚይዘው ዕቃ አይመጣጠኑም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የቀኝ ግድግዳ። መቀመጫው ከግራ ግድግዳ ወደ 70 ሳንቲ ወጣ ስለሚል ከፊቱ የሚቀርዎት 60 ሳንቲ ብቻ ነው። ይህ 60 ሳንቲ በጉልበት ከፍታ ላይ ፈጽሞ አይነካ። የተቀመጠ ሰው ጉልበት፣ የሚነሳ ሰው እግር፣ ወደ ሻወር የሚያልፍ ልጅ ሁሉም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ከወገብ በላይ ግን ሁኔታው ይቀየራል። እዚያ ከፍታ ላይ መቀመጫው የለም። ከግድግዳ ግድግዳ ያለው 1.30 ነው። በግራ 20 ሳንቲ፣ በቀኝ 15 ሳንቲ ሳጥን ቢሰቀል 95 ሳንቲ ይተርፋል። ትከሻ ያለችግር ያልፋል። ስለዚህ በቀኝ በኩል ከ1.20 ሜትር ጀምሮ 45 ሳንቲ ስፋት፣ 80 ሳንቲ ቁመት፣ 15 ሳንቲ ጥልቀት ያለው መዝጊያ የሌለው መደርደሪያ ይስቀሉ። ቦታው በሩ ሲከፈት ከሚደርስበት አለፍ ብሎ ይሁን። በሩ 70 ሳንቲ ከሆነ መደርደሪያው ከ75 ሳንቲ ይጀምር። በየቀኑ የምትጠቀሙበት ዕቃ፣ የእያንዳንዱ ሰው ፎጣና ሻምፑ፣ እዚህ ይቀመጥ።

የመጨረሻው ቦታ ከበሩ በላይ ነው። ባለ 60 ሳንቲ ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን፣ 30 ጥልቀት፣ 30 ቁመት። አንድ ወጥ የ1.20 ሜትር መደርደሪያ አያድርጉት። 18 ሚሊ ውፍረት ያለው ሰሌዳ ከ60 ሳንቲ በላይ ያለ ድጋፍ ከተዘረጋ ጊዜ ሲያገኝ መሃሉ ይጎብጣል። እዚህ የሚቀመጠው ቀላል ዕቃ ብቻ ነው፤ የተረፈ ሶፍት፣ የክረምት ፎጣ፣ በወር አንዴ የሚወርድ ነገር።

ሳፋው ካቢኔት ውስጥ አይገባም። ለእሱ ብሎ ካቢኔት ማስፋትም ኪሳራ ነው። ትልቁ ውስጥ ትንሹን አስገብተው በጠንካራ ማንጠልጠያ ከሻወሩ ጎን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ውሃው ተንጠባጥቦ እዚያው ይደርቃል። መወልወያውና የወለል መጥረጊያውም እንደዚያው።

እህትዎ የላኩልዎ ቪዲዮ ውስጥ ግድግዳው ተቦርቡሮ ካቢኔት ሲቀበርበት አይተው ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የብዙ ቤት የውስጥ ግድግዳ በእንጨት ቋሚዎች ላይ የተለጠፈ ጂፕሰም ነው። በቋሚዎቹ መካከል 9 ሳንቲ ገደማ ባዶ ቦታ አለ። ሳጥኑ የሚገባው እዚያ ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ የውሃ መስመሩም ውስጡ ተቀብሯል። እባክዎ ይህንን አይሞክሩት።

በርሜሉስ? ይቆይ። ውሃ በፈረቃ እስከሆነ ድረስ ከሻምፑ መደርደሪያ ውሃው ይቀድማል። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ስፋቱ ወደ 58 ሳንቲ፣ ቁመቱ ወደ 88 ሳንቲ ነው። ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ቦታው ወለል ላይ ብቻ ነው፤ ምንም ዓይነት ካቢኔት ላይ አይወጣም። ከክዳኑ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍት ይተዉ፤ ክዳን አንስቶ በጆግ ለመቅዳት ያንን ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከ1.45 ሜትር ወደ ላይ፣ ቦታ ካስፈለገዎ አንድ ትንሽ የፒቪሲ (የፕላስቲክ ሰሌዳ) ሳጥን መጨመር ይችላሉ። በርሜሉን በባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች መቀየር ከፈለጉ ጥግ ይለቅልዎታል፤ ግን ለ200 ሊትር አሥር ጀሪካን ይፈልጋሉ። በስንት ቀን አንዴ ውሃ እንደሚመጣልዎ እርስዎ ያውቃሉ፤ ከዚያ ተነስተው ቁጥሩን ይወስኑ።

ወደ ማቴሪያሉ ልምጣ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ተራ ኤምዲኤፍና ቺፑድ ሻወር ጥግ ላይ አይቆምም። ፊቱ በፎርሚካ ወይም በሜላሚን ስለተሸፈነ ውሃ የማይገባው ይመስላል። ውሃው የሚገባው በጠርዙ፣ በማጠፊያው ጉድጓድና በብሎኑ ቀዳዳ ነው። አንዴ ከገባ ሰሌዳው ይነፋል፤ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። በሩ መዝጋት እምቢ ይላል፤ ከዚያ ጠርዙ መላጥ ይጀምራል። አናጢው ባሰበው ቦታ፣ በርሜሉ ባለበት የሻወር ጥግ፣ የዚያ ቁምሳጥን እግር ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ነው የሚቆመው።

አረንጓዴው ኤምዲኤፍ ይሻላል። እሱም ቢሆን እርጥበት ይቋቋማል እንጂ ውሃ አይችልም። አረንጓዴነቱ ደግሞ ለመለያ የተጨመረ ቀለም ነው፤ ቀለሙ በራሱ ዋስትና አይደለም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቁራጭ ይለምኑ። የትኛውም ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ቁራጭ አያጣም። ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩና ጠርዙ ላይ ይጻፉት። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሹ እስኪጠልቅ አቁመው ያሳድሩት። ጠዋት አውጥተው የጠለቀውንና ያልጠለቀውን ጎን እንደገና ይለኩ። ተራው ኤምዲኤፍ ከሆነ የጠለቀው ጫፍ አብጦ በጣት ብቻ ይታወቃል፤ ጠርዙን በጥፍር ሲጭሩት ይላላል። ጥሩው ትንሽ ቢጨምር ነው። ይህን ፍተሻ ያለፈ ቁራጭ ካገኙ ከዚያው ዓይነት ይግዙ።

ፒቪሲ ሰሌዳ ውሃ አይጠጣም። ለእርስዎ ቤት ከላቫንዲኖው ሥርና ሻወር አካባቢ ላለው ሁሉ እሱን እመርጣለሁ። ድክመቱን ግን ይወቁት። ለስላሳ ነው። ብሎን ሁለት ሦስቴ ከተፈታና ከታሰረ ቀዳዳው ሰፍቶ አይዝም። ለዚህ ነው ሳጥኑ ሲነቀል የራሱ ብሎኖች መፈታት የሌለባቸው፤ ሳጥኑ እንዳለ ከግድግዳው መነሳት አለበት። አልሙኒየም ፍሬም በፒቪሲ ሙሌት ካሠሩት ደግሞ ከሁሉም ዕድሜው ይረዝማል። የበርና መስኮት አልሙኒየም የሚሠሩ ወርክሾፖች ይሠሩልዎታል። ዋጋው ከፍ ይላል።

ከሽንት ቤቱና ከበሩ በላይ ያሉት ከውሃ ስለሚርቁ ፍተሻውን ያለፈ አረንጓዴ ኤምዲኤፍ ይበቃቸዋል። ጠርዛቸው ግን ሁሉም ጎን፣ የማይታየው ጀርባና ሥርም ጭምር፣ በ1 ሚሊ ፒቪሲ ይታሸግ። አናጢዎች ጊዜ ለመቆጠብ የሚታየውን ፊት ብቻ ያሽጉና ሥሩን ይተዉታል። እንፋሎት ግን የሚገባው በዚያ ነው። ሥራውን ሲረከቡ ሳጥኑን ገልብጠው ይዩት።

ማቴሪያል ስንት ይፈጃል? ከላይ ያልኳቸው ሳጥኖች ሁሉ ተደምረው ወደ 7 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ይወስዳሉ። የአንድ ሰሌዳ ልክ 2.44 በ1.22 ሜትር፣ ማለትም ወደ 3 ካሬ ሜትር ነው። ከቁርጥራጭ ብክነት ጋር ሦስት ሰሌዳ ይበቃል። አምስት ሰሌዳ የሚልዎ ካለ አቆራረጡን በወረቀት እንዲስልልዎ ይጠይቁት።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ አሰቃቀሉ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ከፊት ያለው ቅርፊት ጥቂት ሳንቲ ብቻ ነው ውፍረቱ። በትራፓኖ ሲበሱ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ከዚያ ድንገት ሸርተት ብሎ ይገባል። ያ ባዶው ነው። ተራ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ ቁራጭ) እዚያ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም፤ ብሎኑ ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል። ለብሎኬት ከገባ በኋላ ውስጥ ክንፉን የሚዘረጋ ወይም እየጠበቀ ሲሄድ የሚቋጠር ዓይነት ፊሸር አለ። ለባዶ ግድግዳ የሚሆን ብለው ይጠይቁ። ኮንክሪት ምሰሶ ወይም ቢም ካገኙ ግን ተራው 8 ቁጥር ፊሸር ይበቃል። ምሰሶው ሲበሳ ድንገት ሸርተት አይልም፤ እስከ መጨረሻው ይከብዳል።

ሴራሚኩን ሲበሱ ማስመቻውን፣ ያንን የሚደበድበውን፣ ያጥፉት። ቦታው ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ መብሻው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። በመስታወት መብሻ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ድብደባ። ሴራሚኩ ካለፈ በኋላም ብሎኬት ከሆነ ድብደባውን አያብሩት። ከኋላ ያለውን ቅርፊት ገንጥሎ ጉድጓዱን ያሰፋዋል። ከቧንቧና ከሻወር ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመር አይበሱ፤ የተቀበረው ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዚያ ነው። ከማብሪያና ከሶኬት በላይና በታችም እንዲሁ፤ እዚያ ያለው የመብራት መስመር ነው።

ሳጥኑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ በብሎን አያስሩት። በሁለት ቁራጭ መስቀያ ይስቀሉት። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የአልሙኒየም ቁራጭ ከላይ በኩል ወደ ፊት ተጣጥፎ መንጠቆ ይሠራል፤ እሱ ግድግዳው ላይ ይታሰራል። ሌላ ተመሳሳይ ቁራጭ ተገልብጦ ከሳጥኑ ጀርባ ላይ ይታሰራል። ሳጥኑን ከፍ አድርገው ዝቅ ሲያደርጉት አንዱ በአንዱ ላይ ይቀመጣል። ለማውረድ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከሽንት ቤቱ በላይ የተደራረቡትን ግን ከላይኛው ይጀምሩ። ለ60 ሳንቲ ሳጥን የግድግዳው ቁራጭ አራት ቦታ ይታሰር። ጭነቱ ስለሚካፈል አንዱ ብሎን ቢላላ እንኳ ሳጥኑ አይወድቅም። ከሳጥኑ ታች በኩል የመስቀያውን ውፍረት የሚያክል ቁራጭ ይለጠፍ፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ከውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ መቆለፊያ ብሎን ይግባ፤ ልጅ ከሥር ቢገፋው እንዳይነቀል።

ሳጥኑን ከመስቀልዎ በፊት የግድግዳውን መስቀያ በሁለት እጅ ይዘው በደንብ ወደራስዎ ይሳቡት። ከተንቀሳቀሰ ወይም ዱቄት ካራገፈ ፊሸሩ አልያዘም። ያን ቀዳዳ ይተዉና ከጎኑ አምስት ሳንቲ ርቀው ሌላ ይብሱ። በፈሳሽ የተሞላ አንድ ሳጥን በቀላሉ ከ15 ኪሎ ያልፋል፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ደግሞ ልጅዎ ነው።

ቦይለር ካለዎ ወይም ወደፊት ለመግጠም ካሰቡ በካቢኔት አይሸፍኑት። ሲሞቅ ከደህንነት ቫልቩ ውሃ መንጠባጠቡ የጤና ነው፤ ያንን ማየት መቻል አለብዎት። ክዳኑን ፈቶ ለመጠገንም ቦታ ይፈልጋል።

ስለ ማጠፊያ አንድ ነገር ልበል። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ኒኬል የተቀባ ብረት ነው። ሳሎን ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ እንፋሎት ውስጥ ግን ቶሎ ይዝጋል። ማግኔት ይዘው ይሂዱ። አጥብቆ ከሳበው ብዙ ጊዜ ያ የተቀባው ነው። የማይዝገውን ካላገኙ የመዝጊያውን ቁጥር ይቀንሱ። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ሳጥኖች ውስጥ መዝጊያ የሚያስፈልጋቸው መስታወቱ፣ ከላቫንዲኖው ሥር ያለውና የሽንት ቤቱ ሁለት ሳጥኖች ናቸው። ክፍት መደርደሪያ ይናፈሳል፤ ሻጋታም ቶሎ አይዘውም። መዝጊያ ባለባቸው ሳጥኖች ከላይና ከታች ጥቂት ቀዳዳ ይበሳ፤ አየሩ እንዲዞር። ለ60 ሳንቲ ሳጥን አንድ ትልቅ መዝጊያ ሳይሆን ሁለት ባለ 30 ያሠሩ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ 60 ሳንቲ የሚወረወር መዝጊያ ፊት ይመታል።

የውስጥ መደርደሪያዎቹ ከፍታ የሚቀያየር ይሁን። የአውሮፓ ካቢኔት ፋብሪካዎች ለዚህ የሚጠቀሙት መለኪያ አለ፦ 5 ሚሊ ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች፣ በ32 ሚሊ ርቀት፣ ከፊተኛው ጠርዝ 37 ሚሊ ገባ ብለው። ለአናጢዎ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይስጡት። ዛሬ የአንድ ሊትር በረኪና የቆመበት ነገ ጥቅልል ሶፍት ይቆምበታል። መለዋወጫ ሲያስፈልግም በዚያ ልክ የተሠራ ገበያ ላይ ይገኛል።

ልጆቹ። በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድና መርዝ ነክ ነገር ሁሉ ከሽንት ቤቱ በላይ ባለው ከፍተኛው ባለመዝጊያ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ከላቫንዲኖው ሥር አይሁን፤ ብዙ ቤት የሚያስቀምጠው እዚያ ነው፤ ልጅ የሚደርስበትም እዚያው ነው። በረኪናና አሲድ ደግሞ ጎን ለጎን አይቀመጡ። ፈሰው ቢገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በእርስዎ ክፍል ስፋት ደግሞ መሸሻ የለም። መድኃኒት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አያስቀምጡ፤ ሙቀትና እንፋሎት ያበላሸዋል።

አማትዎ። ይህን በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። ትልቅ ሰው ከሽንት ቤት ሲነሳ በአቅራቢያው ያለውን ነገር ይይዛል። ካቢኔት ከሆነ ካቢኔቱን ይይዛል። ሳጥኖቹ ከ1.20 በላይ እንዲጀምሩ ያደረግኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ለመነሳት እጅ የሚሄደው ከዚያ በታች ነው። ላቫንዲኖውም ለዚህ አይታመንም፤ ግድግዳ ላይ ከተንጠለጠለ ክብደት ሲያርፍበት ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ በቀኝ ግድግዳ ላይ፣ መቀመጫው ፊት ለፊት፣ 80 ሳንቲ ከፍታ አካባቢ አንድ የማይዝግ የብረት እጀታ ይግጠሙላቸው። ከግድግዳው የሚወጣው ጥቂት ሳንቲ ብቻ ስለሆነ መተላለፊያውን አያጠብም። አማትዎ በተለመደው ሁኔታ እንዲቀመጡና እንዲነሱ ይጠይቋቸውና እጃቸው በራሱ የሚሄድበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከ80 ሳንቲው ይልቅ ያ ምልክት ይበልጣል። እጀታው የሚታሰረው በፊሸር ብቻ አይሁን። ከግድግዳው ማዶ የእርስዎ ክፍል ከሆነ ብሎኑ ተሻግሮ ከኋላ በኩል በጠፍጣፋ ብረት ይታሰር። ማዶው የጎረቤት ከሆነ ኮንክሪት ምሰሶ ያለበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ይግጠሙት፤ ምሰሶ ካልተገኘ ወለል ላይ የሚቆም ባለ እጀታ ድጋፍ ይግዙላቸው።

ሥራውን እንዲህ ያስጀምሩት። መጀመሪያ የሻወር መጋረጃ ይስቀሉ። 1.30 ሜትር ዘንግና መጋረጃ ከአንድ ሳጥን ዋጋ በታች ነው፤ የቀረውን ክፍል ሁሉ ከመርጨት ያድነዋል። ከዚያ ካርቶን ይቁረጡ። የሽንት ቤቱን 20 ሳንቲና የቀኙን 15 ሳንቲ ጥልቀት አስመስለው በካርቶን ሠርተው ግድግዳው ላይ በፕላስተር ይለጥፉና ቤተሰቡ ሁሉ ለጥቂት ቀን አብሮት ይኑር። ባልዎ ወይም ሌላ አዋቂ ትከሻው ከነካው ጥልቀቱን በሁለት ሳንቲ ይቀንሱ። ካርቶን ላይ መቀነስ ምንም አያስከፍልም።

ከዚያ ሁለት ሳጥን ብቻ ያዙ፤ ባለመስታወቱንና ከሽንት ቤቱ በላይ ያለውን የታችኛውን። አናጢዎን አይቀይሩት፤ ቤቱን አይቶታል፣ ልኩንም ይዟል። ሐሳቡን ብቻ ይቀይርልዎ። ሁለቱ ተሰቅለው አንድ ወር ከቆዩ በኋላ ጠርዛቸውን፣ ማጠፊያቸውንና መስቀያቸውን ይፈትሹ። ምንም ካልሆኑ የቀሩትን በዚያው ልክና በዚያው ማቴሪያል ያሠሩ። ከበሩ በላይ ያሉትን ሁለቱን መጨረሻ ላይ ያድርጓቸው። ሌሎቹ ከተሠሩ በኋላ መሬት ላይ የቀረ ዕቃ ከሌለ እነሱን ጭራሽ ማሠራት ላያስፈልግዎ ይችላል።